ወንጀልን ለመከላከል የተደከመበት ሥራ በምን ይመዘናል?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



አንድ አባት ልጁ ሲያጠፋ ቢያይ ይመክረዋል፤ ምክር ባይበጀው ይገሥጸዋል፤ ውሎ አድሮም የልጁ ጠባይ ቢታረም «ምክሬ ሠራ» ይላል። ይህ በየቤቱ ያለ ነገር ስለ ሆነ ማንም አይመራመርበትም። ነገር ግን አንድ መንግሥት ወይም አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ብዙ ገንዘብ መድቦና ብዙ ሠራተኛ ቀጥሮ፥ በመቶና በሺሕ የሚቈጠሩ ወጣቶችን ከወንጀል ለማዳን በተነሣ ጊዜ፥ የተደከመበት ሥራ ፍሬ ማፍራቱ ወይም አለማፍራቱ በምን ይታወቃል? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈውን ዓመታዊ ራፖር የሚያነብ ሰው እንደሚያውቀው፥ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ወጣቶች ተመከሩ፤ ይህን ያህል ስብሰባ ተደረገ፤ ይህን ያህል ብር ወጪ ሆነ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ ገንዘቡ የት እንደ ገባ ያሳያል። ዳሩ ግን የተሠራውን ሥራ ይቈጥራል እንጂ ሥራው ያመጣውን ለውጥ አይቈጥርም። ለውጡን ለማወቅ የሚያስፈልገው ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም ሥራው ባይሠራ ኖሮ እነዚያው ሰዎች ምን ይሆኑ እንደ ነበር ማወቅ ነው። ያልሆነውን ነገር ደግሞ በዓይኑ ሊያይ የሚችል ሰው የለም። በውጭ አገር ቋንቋ ክሪሚኖሎጂ የሚባለው የወንጀል ጥናት ከሁሉ አብልጦ የደከመበት ጕዳይ ይህን የማይታየውን ነገር በአንድ መንገድ እንዲታይ ማድረግ ነው።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ልማድ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ለብዙ ጊዜ ሊታመን ቻለ? ቢባል፥ ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። ልጁ ከወደቀበት ቤት የጠፋው ዕቃ ሲገኝ ወሬው አገር ያዳርሳል፤ ዕቃው ሳይገኝ ሲቀር ግን «መድኃኒቱ ተበላሽቶ ነው» ይባልና ይረሳል። የያዘው ይቈጠራል፤ የሳተው አይቈጠርም። ይህ ስሕተት የመሃይም ብቻ አይደለም፤ ዲፕሎማ በያዘ ሰው ላይም እንደሚደርስ ቀጥዬ የምነግራችሁ ታሪክ ያስረዳል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የኢጣልያው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ በ1876 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፤ እርሱም በመንጋጋው፥ በግንባሩ፥ በጆሮው አፈጣጠር ይታወቃል ብለው ነበር። አሳባቸው በብዙ አገር ተቀባይነት አገኘ። ሎምብሮዞ የእስረኞችን ራስ መለካት አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው ያልታሰሩትን ሰዎች እንደዚያው አድርጎ መለካት ነው። ቻርልስ ጎሪንግ የሚባሉ የእንግሊዝ ወኅኒ ቤት ሐኪም በ1913 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ሦስት ሺሕ ያህል እስረኞችን ከወታደሮች፥ ከሆስፒታል ሕመምተኞችና ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋራ ቢያስተያዩ፥ ያ የወንጀለኛ መልክ የተባለው ነገር ሳይገኝ ቀረ። እርግጥ ነው፥ ጎሪንግም ስለ ወንጀለኞች አእምሮ የጻፉት ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ማነጻጸር እንደሚገባ ማሳየታቸው ግን ሥራቸውን ሕያው አድርጎታል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ታሪክ እንግባ። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በቦስቶን ከተማ አጠገብ፥ ካምብሪጅና ሶመርቪል የሚባሉ ሁለት ከተሞች አሉ። በ1930ዎቹ ዓመታት በነዚህ ከተሞች በፋብሪካ ሠራተኛ ሰፈሮች ውስጥ ድኽነት በርትቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ሪቻርድ ካቦት የሚባሉ የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪና ስመ ጥሩ ሐኪም ነበሩ። ሼልደን ግሉክና ባለቤታቸው ኤሌኖር ግሉክ በ1934 ዓ.ም. ያሳተሙትን ጥናት አነበቡ። ጥናቱ የተደረገው በቦስቶን የሕፃናት ፍርድ ቤት ባለፉ አንድ ሺሕ ልጆች ላይ ሲሆን፥ ከመቶው 88ቱ በአምስት ዓመት ውስጥ እንደ ገና ማጥፋታቸውን የሚገልጽ ነበር። ዶክቶር ካቦት በዚህ እጅግ አዘኑ። ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ልጁን ለማዳን ጊዜው የሚያልፍ ከሆነ፥ አስቀድሞ ገና በልጅነቱ አንድ የሚያምነው ትልቅ ሰው ወዳጅ ቢሆነው፥ ቢመክረው፥ ቢረዳው፥ ከጥፋት ይድናል ብለው አሰቡ።

ይህን የመሰለ አሳብ ያሰቡ ሰዎች ከሳቸው በፊትም ነበሩ። ካቦትን ከቀደሙት የሚለያቸው ግን ሐኪም እንደ መሆናቸው መጠን መድኃኒቱን ከማመስገናቸው በፊት ሊፈትኑት መፈለጋቸው ነው። ስለዚህ ከመምህራን፥ ከፖሊሶች፥ ከቀሳውስትና ከርዳታ ድርጅቶች የልጆች ስም እንዲሰጣቸው ጠየቁ። አስቸጋሪ የሚባሉት ብቻ ሳይሆኑ ደኅና ጠባይ ያላቸውም እንዲገቡ አደረጉ። አስቸጋሪዎቹ ብቻ ቢመረጡ ኖሮ፥ መመረጡ ራሱ በልጁ ላይ የነውር ምልክት ይሆንበት ነበርና። ከዚህ በኋላ ልጆቹ እየተመረመሩ በዕድሜ፥ በአእምሮ ችሎታ፥ በቤተ ሰብ ኑሮ፥ በሰፈር ሁኔታና ወደ ፊት ያጠፋል ወይስ አያጠፋም ተብሎ በተገመተው ግምት የሚመሳሰሉት ሁለት ሁለት ሆነው ተጣመሩ። 325 ጥንድ፥ ማለት 650 ልጆች ሆኑ።

ከዚህ ቀጥሎ የተደረገው ነገር በመጀመሪያ ሲያዩት ቀልድ ይመስላል። ከየጥንዱ የትኛው ልጅ ርዳታ እንዲያገኝ፥ የትኛው እንዲቀር፥ የተወሰነው ሳንቲም ወደ ላይ በመወርወር ነው፤ እኛ ጎፈር ወይስ ዘውድ እንደምንለው ማለት ነው። ያን ያህል ጥናትና ምርመራ ከተደረገ በኋላ ለሳንቲም መተው ስለምን አስፈለገ ቢሉ፥ ምክንያቱ ይህ ነው። መምህሩ ወይም መካሪው እንዲመርጥ ቢፈቀድለት፥ ሳያስበው እንኳ ዓይኑ የሚያርፈው ትሑት በሆነው፥ ወላጆቹ በሚተባበሩት፥ ተስፋ በሚጣልበት ልጅ ላይ ነው። በመጨረሻም የተረዱት ልጆች የተሻሉ ሆነው ቢገኙ፥ ርዳታው አሻሽሏቸው ይሁን ወይም ከፊቱም የተሻሉት ተመርጠው ይሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ወላጆች ራሳቸው እየመጡ ቢመዘገቡም ያው ነው፤ ለልጁ ተጨንቆ የሚመዘገበው ወላጅ ካልተመዘገበው ወላጅ በብዙ ነገር ይለያልና። ዕጣ ግን አያዳላም፤ አይራራም፤ አይጨክንም። ባለ ሙያ ያልለካቸውን፥ ሊለካቸውም የማይችላቸውን ነገሮች፥ ለምሳሌ የልጁን ወኔ ወይም የእናቱን ትዕግሥት፥ በሁለቱም ወገን እኩል ያህል ይበትናቸዋል። የልጆቹ ቍጥር እየበዛ በሄደ መጠን ይህ መካፈል ይበልጥ የሚታመን ይሆናል።

ዶክቶር ካቦት በ1939 ዓ.ም. አረፉ። ሥራው ግን በዚያው ዓመት ተጀመረና እስከ 1945 ዓ.ም. ቀጠለ። ጦርነቱ መካሪዎቹን እየወሰደ ሥራውን ስላከበደው አንዳንድ ልጆች ከነጥንዶቻቸው ተተዉ፤ በመጨረሻ 253 ጥንድ፥ ማለት 506 ልጆች ቀሩ። የተረዱት ልጆች ሲጀምሩ ዐሥር ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነበሩ፤ ርዳታውም በአማካይ አምስት ዓመት ተኩል ቈየ። መካሪው በወር ሁለት ጊዜ ያህል ወደ ልጁ ቤት ይሄድ ነበር። ከልጆቹ ከግማሽ የሚበልጡት በትምህርታቸው አስጠኚ ተሰጣቸው፤ ከመቶ የሚበልጡት ሐኪም አያቸው፤ ከአራት አንዱ እጅ በበጋ ዕረፍት ወደ ካምፕ ተላከ፤ አብዛኞቹም ከቦይ ስካውትና ከወጣቶች ማኅበር ጋራ ተገናኙ። የቀሩት ልጆች ስለ ራሳቸው መልስ ከመስጠት በቀር ከዚህ ድርጅት ምንም አላገኙም። እያንዳንዱ መካሪ በሄደበት ቀን ያየውንና የሰማውን በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ይህን የመዝገብ ነገር ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

በ1951 ዓ.ም. ኤድዊን ፓወርስና ሄለን ዊትመር የሥራውን ውጤት በመጽሐፍ አሳተሙ። መካሪዎቹ ብዙ ልጆች እንደ ተሻሻሉ ያምኑ ነበር፤ ከልጆቹም ብዙዎቹ ይህንኑ መሰከሩ። የፍርድ ቤት መዝገብ ተገልጦ ሁለቱ ወገኖች ሲተያዩ ግን፥ የተረዱትም ያልተረዱትም በእኩል ያህል ፍርድ ቤት ቀርበው ተገኙ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ፥ «ጊዜው ገና ነው፤ ዘር እንደ ተዘራ ወዲያውኑ አይበቅልም፤ ልጆቹ ሰው ሲሆኑ ፍሬው ይታያል» አለ። በሚገባ የታሰበ ክርክር ነበር። ደግነቱ፥ ክርክሩን በጊዜ ብዛት መፈተን ይቻል ነበር፤ መዝገቡ አልተጣለምና።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። ጆአን ማኮርድ የሚባሉ ተመራማሪ፥ ኋላ የአሜሪካን የክሪሚኖሎጂ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት የሆኑት፥ በ1975 ዓ.ም. ገደማ እነዚያን ልጆች፥ አሁን ግን ጐልማሶች የሆኑትን፥ ከነጥንዶቻቸው መፈለግ ጀመሩ። የፍርድ ቤት፥ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፥ የመጠጥ ሱስ ማከሚያና የሞት መዝገቦች ተመረመሩ፤ ለሰዎቹም የጥያቄ ወረቀት ተላከ። ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ተገኙ። ይህ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። በዚህ ዓይነት ጥናት ትልቁ ጠንቅ የሚጠፋው ሰው ነውና። የጠፉት አብዛኞቹ የከፋ ኑሮ የደረሰባቸው ከሆኑ፥ በቀሩት ብቻ የሚደረገው ሒሳብ ከእውነቱ ያማረ ሆኖ ይታያል።

ማኮርድ በ1978 ዓ.ም. ያሳተሙት ውጤት ያነበበውን ሁሉ አስደነገጠ። ከተረዱት ሰዎች ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ርዳታው ጠቅሞናል ብለው መለሱ። አንዳንዶቹ መካሪያቸውን በስሙ እያነሡ፥ እርሱ ባይኖር ኖሮ መጨረሻዬ ወኅኒ ቤት ነበር የሚል ቃል ሰጡ። የመዝገቡ ቃል ግን ሌላ ነበር። በወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች ቍጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኖ፥ አንድ ጊዜ ካጠፉ በኋላ ደግሞ ማጥፋት የበዛው በተረዱት ላይ ነው። የመጠጥ ሱስ ምልክት፥ ከባድ የአእምሮ ሕመም፥ የደም ብዛትና የልብ በሽታ የበዛውም በተረዱት ላይ ነው። ሥራቸውም ዝቅ ያለ፥ ደስታም የማይሰጣቸው ሆኖ ተገኘ። ርዳታው ያልጠቀመ ብቻ ሳይሆን የጐዳ መሰለ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ያልተረዳው ወገን ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በአንድ እጅ የሰዎቹ ምስጋና፥ በሌላ እጅ የመካሪዎቹ ድካም ቀርቦ፥ ሥራው በየከተማው እንዲስፋፋ ይታዘዝ ነበር። ምስክሮቹ ሐሰተኞች አልነበሩም፤ የተናገሩት የሚሰማቸውን ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በሌላ መንገድ ቢሄድ ኖሮ ምን ይደርስበት እንደ ነበር ስለ ራሱም ቢሆን ሊመሰክር አይችልም። ደግሞም የሚያታልል ሌላ ነገር አለ። የሚያጠፋ ልጅ ሁሉ እያጠፋ አያረጅም፤ ብዙው ሥራ ሲይዝና ትዳር ሲመሠርት በገዛ ራሱ ይታረማል። ስለዚህ ማናቸውም ርዳታ ለልጆች ተሰጥቶ ከዐሥር ዓመት በኋላ ቢጠየቅ አብዛኞቹ ታርመው መገኘታቸው አይቀርም። ይህን ደግሞ ያልተረዳውም ወገን ያደርገዋል፤ ልዩነቱን የምናየው ሁለቱን ጐን ለጐን ስናቆማቸው ብቻ ነው።

ጕዳቱ ስለምን መጣ? ማኮርድ ልዩ ልዩ ግምት አቀረቡ። ልጁ በሰው ርዳታ መኖርን ለመደና ርዳታው ሲቋረጥ ተቸገረ፤ ወይም ዘወትር መካሪ የሚመጣበት ልጅ «በኔ ላይ አንድ ጕድለት አለ» ብሎ አመነ፤ ወይም መካሪው ያሳየው የኑሮ ተስፋ ከኑሮው ጋራ አልገጥም ብሎ ቅሬታ ሆነበት። ግምቶቹ ከግምት እንዳያልፉ እየፈሩ የመካሪዎቹን መዝገብ እንደ ገና አገላበጡ። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ተገኘ። ርዳታውን ለረዥም ጊዜ የተቀበሉትና ቤተ ሰባቸው በደስታ ይተባበር የነበረው ልጆች ይበልጥ የተጐዱ ሲሆኑ፥ ቤተ ሰባቸው አልተባበርም ያለው ግን ከጥንዶቻቸው አልተለዩም። ይህ ጕዳቱ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን ያሳያል፤ መድኃኒቱን አብዝቶ የጠጣው አብዝቶ ታመመ እንደ ማለት ነው። ሁለተኛውም ወደ በጋው ካምፕ ደጋግመው በተላኩት ልጆች ላይ ክፉው ውጤት በርትቶ መታየቱ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች፥ ልጆች ያለ በቂ ጠባቂ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ጥፋታቸውን እየተረኩ፥ እየተሣሣቁ፥ አንዱ ከሌላው ይማራል የሚለውን አሳብ አጠነከሩ። እኔ ራሴ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ይኸኛው ነው።

ልጆችን ለማስፈራራት የተደረገውም ሥራ ከዚህ የተሻለ ዕድል አላገኘም። በ1976 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ግዛት በራህዌይ ወኅኒ ቤት የዕድሜ ልክ እስረኞች አጥፊ ልጆችን እየተቀበሉ የእስር ቤቱን መከራ በጩኸትና በዛቻ ይነግሯቸው ጀመር። በ1978 ዓ.ም. የተሠራው ፊልም የኦስካር ሽልማት ስላገኘ ሥራው በብዙ ግዛት ተቀዳ። ከዚያ በኋላ ግን በልዩ ልዩ ቦታ በዕጣ የተደረጉ ዘጠኝ ፈተናዎች ተሰብስበው ቢመረመሩ፥ ወኅኒ ቤቱን የጐበኙት ልጆች ካልጐበኙት ይበልጥ አጥፍተው ተገኙ። ፊልሙን ያየ ሰው ይህን ለማመን ይቸገራል። ፊልም ደግሞ ያልጐበኙትን ልጆች አያሳይም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ማነጻጸር ነው። ነገር ግን የምናነጻጽረው ቍጥር ራሱ የተበላሸ ከሆነ ምን ይደረጋል? ወንጀል እንደ እህል ተሰፍሮ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ተሰርቆ ዝም ይላል፤ የተደበደበች ሴት ለማንም ሳትናገር ትቀራለች። ስለዚህ በፖሊስ መዝገብ የሚገኘው ቍጥር የተፈጸመው ወንጀል ሳይሆን የተነገረውና የተጻፈው ወንጀል ነው። ሕዝቡ ፖሊስን ማመን በጀመረ ጊዜ አቤቱታ ይበዛል፤ መዝገቡም ወንጀል የጨመረ ያስመስላል። ይህን ለማረም ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ሰዎችን «ባለፉት ወራት ምን ደረሰባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ተጀመረ፤ በአሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፥ በእንግሊዝ አገር በ1982 ዓ.ም. ቋሚ ሥራ ሆነ።

ይህ ዓይነቱ ጥያቄ በካንሳስ ሲቲ ከተማ ለተደረገው ፈተና አገልግሏል። በየትም አገር ያለ የፖሊስ አዛዥ የሮንድ ጥበቃ ወንጀልን ይቀንሳል ብሎ ያምናል። ከጥቅምት 1972 እስከ መስከረም 1973 ዓ.ም. በዚያ ከተማ 15 የጥበቃ ቀበሌዎች በሦስት ተከፈሉ። በአምስቱ ሮንድ ጨርሶ ቀርቶ ፖሊስ የሚገባው ሲጠራ ብቻ ሆነ፤ በአምስቱ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ በአምስቱ ደግሞ ሁለትና ሦስት እጥፍ ተደረገ። ዓመቱ ሲያልቅ ወንጀሉም፥ የሕዝቡም ፍርሀት፥ ስለ ፖሊስ ያለውም አስተያየት በሦስቱም ያው ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም ብዙ ነዋሪ የሮንዱን መቅረት ወይም መጨመር ልብ አላለውም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ ፖሊስ አያስፈልግም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። የተፈተነው በመኪና እየዞሩ ሰፈሩን ሁሉ እኩል መጠበቅ ነው፤ ጥያቄው ሌላ ሲሆን መልሱም ሌላ ይሆናል። በ1988 እና በ1989 ዓ.ም. በሚኒያፖሊስ ከተማ ወንጀል የሚበዛባቸው 110 ጠባብ ቦታዎች ተለይተው፥ 55ቱ በዕጣ ተጨማሪ ጥበቃ ሲያገኙ፥ በነዚያ ቦታዎች ለፖሊስ የሚደረገው ጥሪ ቀነሰ። የፖሊስ መኪና ዙሮ የሚሄድበት ሰፈርና ጥበቃ የሚጸናበት አንድ የመንገድ ማእዘን አንድ ነገር አይደሉም።

በዚያው በሚኒያፖሊስ፥ ቀደም ብሎ በ1981 እና በ1982 ዓ.ም.፥ ስለ ቤት ውስጥ ድብደባ የተደረገው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ለፖሊሶቹ በሦስት ቀለም የታተሙ ቅጾች በዕጣ ቅደም ተከተል ተሰጧቸው፤ ከላይ በተገኘው ቀለም መሠረት ደብዳቢውን ያስሩታል፥ ወይም ይመክሩታል፥ ወይም ለስምንት ሰዓት ከቤት ያስወጡታል። 314 ጕዳዮች በስድስት ወር ውስጥ ተከታትለው ሲታዩ፥ ከታሰሩት ከመቶ 10፥ ከተመከሩት ከመቶ 19፥ ከቤት ከወጡት ከመቶ 24 እንደ ገና መደብደባቸው በፖሊስ መዝገብ ተገኘ። ይህ በ1984 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ ብዙ ግዛቶች ማሰርን የሚያዝዝ ደንብ አወጡ። ነገር ግን ጥናቱ በሌሎች ከተሞች ሲደገም መልሱ አንድ አልሆነም። በሚልዎኪ ከተማ መታሰር ሥራ ያለውን ሰው ሲያርመው፥ ሥራ የሌለውን ግን አብሶ ይበልጥ ደብዳቢ አደረገው። ሥራ የሌላቸው ሰዎች ሚስቶች በአንድ ከተማ ጥናት በወጣ ደንብ ምክንያት የከፈሉትን ዋጋ ያሰበ ሰው፥ ጥናትን መድገም ገንዘብ ማባከን ነው አይልም።

በዚህ ዓይነት ጥናት ላይ ዘወትር የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ እርሱም የሰውን ልጅ በሳንቲም መክፈል ነውር ነው የሚል ነው። አንዱ ልጅ ሲረዳ ጥንዱ ስለምን ይቀራል? ተቃውሞው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ጥቅሙ በሚገባ የታወቀን ነገር ከተቸገረ ሰው ለጥናት ብሎ መከልከል በደል ነው፤ ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለ ጥናት ሊደረግ ሲታሰብ በመጀመሪያ በሌሎች ሊቃውንት ጉባኤ መመርመርና የሰዎቹን ወይም የወላጆቻቸውን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ነገር ግን በካምብሪጅና በሶመርቪል የነበረው ገንዘብ ለሁሉ የሚበቃ አልነበረም፤ ከዕጣ በቀር የነበረው መንገድ በዝምድና ወይም በትውውቅ ማደል ነው። ሁለተኛም፥ «የቀረበት» የተባለው ልጅ በእውነት ምን እንደ ቀረበት ያን ጊዜ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሳንቲሙ ያልወደቀለት ልጅ በመጨረሻ የተሻለ ዕድል የነበረው ሆኖ ተገኘ።

የነዚያ ልጆች መዝገብ ገና አልተዘጋም። ብራንደን ዌልሽ የሚባሉ ተመራማሪና ባልንጀሮቻቸው ሥራው ካበቃ ከ72 ዓመት በኋላ የሰዎቹን የሞት መዝገብ ደግመው ፈልገው በ2019 ዓ.ም. አሳተሙ። በዚያን ጊዜ ከ506ቱ አብዛኞቹ አርፈው ነበር። ማኮርድ የተረዱት ሰዎች ዕድሜያቸው ሳይደርስ ወደ መሞት እንደሚያደሉ ጽፈው ነበር፤ አሁን ግን የሁለቱ ወገኖች ዕድሜ ጐን ለጐን ሲተያይ ልዩነት አልተገኘበትም። ይህ ጥናት የተመለከተው ሞትን ብቻ ስለ ሆነ፥ ስለ መጠጡ፥ ስለ ሕመሙና ስለ ተደጋገመው ጥፋት የተናገረው ነገር የለም።